አገጭን በመርፌ ማውጣት፦ ጄሉ ምንድን ነው? ሰልፊውስ ምን ያህል ይዋሻል?

እስቲ አንድ ነገር እንሞክር። ስልካችሁን አውጡና የፊት ካሜራውን ክፈቱ። እንደተለመደው ክንዳችሁን አጠፍ፣ ስልኩን ከግንባራችሁ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አንድ ሰልፊ ተነሡ። አሁን ደግሞ ስልኩን ለጓደኛችሁ ስጡት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሂድና በፊታችሁ ቁመት ልክ ይዞ፣ ዙም አድርጎ ያንሣችሁ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጡና አገጫችሁን ብቻ እዩ።

ይሄን ሙከራ መጀመሪያ ያሠራኋት አንዲት የመርሳ ልጅ ናት። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነች። ወልድያ በሰው ቤት ተገናኝተን ቡና እየተጠጣ፣ ሰው ሁሉ ወሬው ላይ ሲሆን ጠብቃ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ፊለር የሚሉት ነገር እውነት አገጭ ያወጣል?» ቲክቶክ ላይ አይታለች። አዲስ አበባ የምትኖር ዘመዷም ቦታ አውቃለሁ ብላታለች። አገጯ ገባ ያለ ስለሚመስላት ፎቶ ስትነሣ ሁሌም በእጇ ትሸፍነዋለች። እኔ እንዳየሁት አገጯ ምንም አልሆነም፤ ግን እንዲህ ብሎ መመለስ መልስ አይደለም። «አብሽሪ፣ መጀመሪያ ስልክሽን አምጪው» አልኳት።

ነገሩ ቀላል ጂኦሜትሪ ነው። ካሜራ ላይ የአንድ ነገር ስፋት የሚወሰነው ከሌንሱ ባለው ርቀት ነው፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ምስሉ በግማሽ ያንሳል። ስልኩን ከፍ አድርጋችሁ ስትይዙ ግንባራችሁ ከሌንሱ 30 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ አገጫችሁ 36 ሊርቅ ይችላል። 30ን ለ36 አካፍሉት፤ 0.83 ይመጣል። ስለዚህ አገጫችሁ ከግንባራችሁ አንጻር በስድስት እጅ አንድ ያህል አንሶ ይወጣል ማለት ነው። ጓደኛችሁ ከ150 ሴንቲ ሜትር ሲያነሣችሁ ግን፣ ያው 6 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ቢኖር እንኳ 150 ለ156 ስለሆነ ለዓይን አይታወቅም። በአሜሪካ ቴክሳስ ያሉ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት 30 በጎ ፈቃደኞችን በሁለቱም መንገድ አንሥተው ለክተዋል። ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በተነሣ ሰልፊ አፍንጫ በ6.4 በመቶ ረዝሞ፣ አገጭ ደግሞ በ12 በመቶ አጥሮ ተገኘ። ብዙ ወጣት «አገጬ አጭር ነው» ብሎ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ይሄንኑ ፎቶ ይዞ ነው። መርፌው ሌንሱን አያስተካክልም።

ልጅቷ ሁለቱን ፎቶዎች ደጋግማ አየቻቸው። «እና የቱ ነው እኔ?» አለች። ሰው የሚያያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ለእውነቱ ይቀርባል።

አገጭ ግን ራሱ ምን ይሠራል? ይሄ ከምትገምቱት በላይ ከባድ ጥያቄ ነው። ከመርሳ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቀጥታ ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ አፋር ውስጥ ሐዳር አለ። ድንቅነሽ የተገኘችው እዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1974። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ የታችኛው መንጋጋዋ አለ፤ አገጭ ግን የላትም። አጥንቱ ከጥርሶቿ ሥር ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ይወርዳል። ቺምፓንዚም ጎሪላም እንደዚያው ናቸው፤ ኒያንደርታሎችም እንደኛ ወጣ ያለ አገጭ አልነበራቸውም። በአንጻሩ በደቡብ ኢትዮጵያ ኦሞ ኪቢሽ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው፣ ኦሞ 1 የሚባለው ቅሪተ አካል አገጭ አለው። በ2022 የታተመ የእሳተ ገሞራ አመድ ጥናት ዕድሜውን ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት አድርሶታል። አጥኚዎቹ «ይሄ እንደኛው ያለ ሰው ነው» ለማለት ከቆጠሯቸው ምልክቶች አንዱ አገጩ ነበር።

ለምን አበቀልነው? አንዳንዱ ለማኘክ ጥንካሬ ነው ይላል፤ ነገር ግን የማኘክ ኃይልን የለኩ ጥናቶች ይሄን ብዙም አልደገፉትም። ሌሎች የሚሉት ፊታችን በዘመናት ውስጥ እያነሰ ሲሄድ የታችኛው ጠርዝ ወደኋላ ስላልተከተለ አገጭ ሆኖ ቀረ ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ያኔ አገጭ ምንም ዓላማ ሳይኖረው በአጋጣሚ የተረፈ ጉብታ ነው ማለት ነው፤ ዛሬ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያስጨምረው መሆኑ ያስቀኛል።

አገጭን ማስዋብ ለኛ አገር አዲስ አይደለም። አያቶቻችሁን እዩ። በወሎም በሌላው ሰሜን ኢትዮጵያም የአንገት፣ የመንጋጋ ጠርዝና የድድ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ዛሬም አሉ። ንቅሳትና ፊለር ሁለቱም መርፌ ናቸው፤ ሰውነት የሚቀበላቸው ግን በጣም በተለያየ መንገድ ነው። የንቅሳቱን ጥላሸት የቆዳ ውስጥ ተከላካይ ሴሎች ይውጡታል። ሊፈጩት ስለማይችሉ ይዘውት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሴል ሲሞት ጎረቤቱ ያንኑ ቀለም መልሶ ይውጠዋል። ለዚህ ነው የአያታችሁ ንቅሳት ከእሳቸው ጋር ያረጀው። የዛሬው ፊለር ግን ቀስ በቀስ የሚፈርስ ነገር ነው።

እና ምንድን ነው? በብዛት የሚሠራበት ሃያሉሮኒክ አሲድ ይባላል። «አሲድ» የሚለው ስም አያስደንግጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ1934 ካርል ማየርና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች ከከብት ዓይን ውስጥ ካለው ዝልግልግ ነገር ለይተው አወጡት። በእናንተም ዓይን፣ ጉልበት መገጣጠሚያና ቆዳ ውስጥ አለ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአጠቃላይ 15 ግራም ያህል አለው፤ ከዚያ ውስጥ ሲሶው በየቀኑ ይፈርስና በአዲስ ይተካል።

ባሕርይውን ለመረዳት ቤተ ሙከራ አያስፈልጋችሁም፤ ማዕድ ቤት ግቡ። አንድ ማንኪያ ተልባ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉና ጥቂት ቆዩ። ውሃው ይወፍራል፣ ይለጠጣል፣ ጣት ላይ ይንሸራተታል። የተልባው ልፋጭ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው፤ ሰንሰለቶቹ ውሃ ይዘው ያብጣሉ። ሃያሉሮኒክ አሲድም የዚሁ ቤተሰብ ነው፦ ሁለት ዓይነት የስኳር ቀለበቶች እየተፈራረቁ በሺዎች የሚቀጣጠሉበት ሰንሰለት። ፊለር ማለት በአጭሩ፣ በጣም የተጣራ የሰውነታችሁ ተልባ ነው ብትሉ ብዙ አልተሳሳታችሁም።

ግን ችግር አለ። ተፈጥሯዊውን ሃያሉሮኒክ አሲድ ቆዳ ውስጥ ብትወጉት በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ሰውነት በየቀኑ የሚያፈርሰው ነገር ነዋ! ኬሚስቶቹ ያገኙት መላ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ማሰር ነው። ነጠላ ክር በቀላሉ ይመዘዛል፤ በየቦታው የተቋጠረ መረብ ግን አይመዘዝም። ቋጠሮውን የሚሠራው ቢዲዲኢ የሚባል ኬሚካል ሲሆን፣ ከታሰረ በኋላ የተረፈው በጥንቃቄ ታጥቦ ይወጣል። ቋጠሮው በበዛ ቁጥር ጄሉ ይጠነክራል። ለከንፈር ለስለስ ያለ ይመረጣል፤ ለአገጭ ግን ጡንቻ ሲጫነው የማይዳጥ፣ ቅርጹን የሚይዝ ጠንካራ ጄል ያስፈልጋል። ጥሬው ሃያሉሮኒክ አሲድ ቀድሞ ከአውራ ዶሮ ራስ ላይ ካለው ቀይ ሥጋ ይወጣ ነበር፤ አሁን ባብዛኛው በባክቴሪያ ይመረታል።

አሠራሩ ለማየት ቀላል ነው። ሐኪሙ ቆዳውን ያጸዳል፣ ቦታውን ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ በመርፌ ወይም ጫፉ ደብዛዛ በሆነ ቀጭን ቱቦ ጄሉን በአብዛኛው ከአጥንቱ በላይ፣ ጥልቅ አድርጎ ያስቀምጣል። መጠኑ ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር ነው፤ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ አስቡ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ውጤቱ ወዲያው ይታያል፤ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለአገጭ የሚሆን የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ያውም ከ21 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች። እንግሊዝ ደግሞ ከጥቅምት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለውበት ብሎ ፊለር መውጋትን በሕግ ከልክላለች።

ዕድሜው ላይ ይሄን ያህል የሚጨነቁት ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት አጥንት ነው። ከፊት አጥንቶች እድገቱን ዘግይቶ የሚጨርሰው የታችኛው መንጋጋ ነው። ሴቶች ላይ እስከ 16 እና 17፣ ወንዶች ላይ እስከ 20 ዓመት ገደማ ሊቀጥል ይችላል። በ15 ዓመቱ አገጩ ገባ ያለ የመሰለው ልጅ በ19 ዓመቱ ሌላ ፊት ሊኖረው ይችላል። ገና እየተሠራ ያለ ቤት ግድግዳው ሳያልቅ ቀለም አይቀባም።

ሌላም ነገር አለ። የአንዳንድ ሰው አገጭ በእርግጥ ወደ ኋላ የገባ ነው፤ ይሄ ደግሞ የመልክ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል። የላይና የታች ጥርስ አለመግጠም ሊሆን ይችላል። በልጅነት የደረሰ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ጉዳት፣ ወይም ከጆሮ የተዛመተ ኢንፌክሽን መገጣጠሚያውን አጣብቆ እድገቱን አግዶት ሊሆን ይችላል። አፋችሁን በደንብ መክፈት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ወይም ሌሊት በኃይል እያንኮራፋችሁ ትንፋሽ ቆረጥ የሚልባችሁ ከሆነ፣ የሚያስፈልጋችሁ ጄል ሳይሆን የጥርስና የመንጋጋ ሐኪም ነው። ፊለር ጉድለቱን ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ ጥርስ አያገጥምም፣ ጉሮሮ አያሰፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከፊለር በኋላ ትንሽ ማበጥ፣ መቅላት፣ መበለዝ የተለመደ ነው፤ በቀናት ይጠፋል። ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች መርፌው የገባበት ቦታ ለሳምንታት ጠቆር ብሎ ሊቆይብን ይችላል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እብጠት ወይም ጠጠር የመሰለ ነገር የሚወጣባቸውም አሉ። አሳሳቢው ግን የደም ሥር መዘጋት ነው። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን ሰዓታት ይቆጠራሉ።

አገጫችሁ በደም ሥር የተከበበ ነው። በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወጥታ አገጭን የምታጠጣ አለች፤ ከአገጭ ሥር የምታልፍ ሌላ አለች፤ ወደ ምላስ ከሚሄዱት ጋርም ይገናኛሉ። መርፌው ሳይታወቅ ከአንዷ ውስጥ ቢገባ ጄሉ እንደ ቡሽ ይወተፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቆዳ ኦክስጅን ያጣና መሞት ይጀምራል። ከአገጭ ፊለር በኋላ የምላስ ክፍል የተጎዳባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። በግንባርና በአፍንጫ አካባቢ ሲወጋ ደግሞ ጄሉ ወደ ዓይን ደም ሥር ሄዶ ሰው ዓይኑን ያጣበት ጊዜ አለ።

ደግነቱ ሃያሉሮኒክ አሲድ ማርከሻ አለው። ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም ሰንሰለቱን ቆራርጦ ጄሉን ያሟሟዋል። ይሄን ኢንዛይም እናንተም ሳታውቁት ታውቁታላችሁ፦ በንብ መርዝ ውስጥ አለ። ንብ ስትነድፋችሁ መርዟ በአንድ ነጥብ ሳይቆም ዙሪያውን የሚሰራጨው፣ ኢንዛይሙ በሴሎቻችሁ መካከል ያለውን ሃያሉሮኒክ አሲድ እያፈረሰ መንገድ ስለሚከፍትለት ነው። የእባብ መርዝም ይሄንኑ ዘዴ ይጠቀማል። ሐኪም ደግሞ ይሄንኑ ኢንዛይም በብልቃጥ አዘጋጅቶ የተዘጋ ደም ሥር ይከፍትበታል። ብቻ በጊዜ መድረስ አለበት።

እዚህ ላይ የኛ አካባቢ ጂኦግራፊ ይገባል። ከአዲስ አበባ ወልድያ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ መርሳ እያለ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ። አንድ ሰው ጠዋት ቦሌ አካባቢ ፊለር ተወግቶ በማግስቱ ከንጋቱ አውቶቡስ ተሳፈረ እንበል። ብዙ ፊለሮች ውስጥ ሊዶኬይን የሚባል ማደንዘዣ ተቀላቅሏል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት የሆነው ሕመም በሰዓታት ሊዘገይ ይችላል። ሕመሙ ማታ ላይ ይጀምራል፤ «መርፌ ነው፣ ያልፋል» ብሎ ይተኛል። ጠዋት ቆዳው ላይ እንደ መረብ የተዘበራረቀ ቀለም ይታያል። የቀይ ቆዳ ሰው ቢሆን ቦታው ነጭ ስለሚሆን ቶሎ ይታወቃል፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ንጣቱ ስለሚደበቅ ተሳፋሪውም ጎረቤቱም አያስተውሉትም። ሸዋ ሮቢት ላይ ሲነቃበት ማርከሻው ከኋላው ቀርቷል። የክፍለ ሀገር ፋርማሲ ሃያሉሮኒዴዝ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል ብላችሁ አትቁጠሩ።

ለዚህ ነው ለዚያች ልጅ «ማን ነው የሚወጋሽ?» ከሚለው በፊት «የት ነው የምታድሪው?» ያልኳት። አንድ አዋቂ ሰው ሁሉንም አውቆ ከወሰነ፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ከሐኪሙ ሳይርቅ ይቆይ። የምልክቱ መፈተሻ ቀላል ነው፦ ቦታውን በጣት ተጭናችሁ ልቀቁ፤ የቆዳው ቀለም ወዲያው ካልተመለሰ፣ ከሌላው ጎን ጋር ስታወዳድሩት የዘገየ ከሆነ፣ ወይም ሕመሙ እየቀነሰ ሳይሆን እየጨመረ ከሄደ ነገ አትበሉ፣ በዚያች ሰዓት ደውሉ።

የሚወጋው ሰውም ጉዳይ ነው። ይሄ የቆዳ ሐኪም ወይም የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ሥራ ነው፤ ጸጉር ቤት የሚሠራ አይደለም። ስታናግሩት ሦስት ነገር ጠይቁ። የጄሉ ስም ምንድን ነው፤ እሽጉን ፊቴ ላይ ትከፍተዋለህ ወይ፤ ሃያሉሮኒዴዝ እዚሁ ክፍል ውስጥ አለ ወይ። ሦስተኛውን ጥያቄ ሰምቶ ግራ የሚጋባ ሰው ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን አንሡና ውጡ። በአገራችን መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ የሚመዘገበውና የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩል ነው። በቴሌግራም የሚሸጥ፣ በሻንጣ የገባ ብልቃጥ ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም።

በተለይ «መርፌ የሌለው» እየተባለ የሚሸጠውን ብዕር መሳይ መሣሪያ ተጠንቀቁ። ጄሉን በአየር ግፊት ወደ ቆዳ የሚረጭ ነው፤ ልጆች እየገዙ እርስ በርስ ይጠቀሙበታል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል፤ ጄሉ የት ጥልቀት ላይ እንደሚያርፍ መቆጣጠር አይቻልምና።

ሲሊኮን ወይም ዘይት «ዕድሜ ልክ የሚቆይ» ተብሎ ቢቀርብላችሁስ? ታሪኩን አንድ ጊዜ አይተነዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ሮበርት ገርሱኒ የተባለ የቪየና ቀዶ ሐኪም ሰው ሰውነት ውስጥ ቫዝሊን መውጋት ጀመረ። አዎ፣ እናንተ ከንፈር ላይ የምትቀቡትን። ፋሽኑ ቶሎ ተስፋፋ። ከዓመታት በኋላ ግን ሰውነት የማያፈርሰው ባዕድ ነገር ዙሪያውን እየጠነከረ፣ ከቦታው እየሸሸ፣ ፊትን የሚያበላሽ እባጭ ሆነ፤ ለማውጣት ደግሞ ሥጋውን አብሮ መቁረጥ ግድ ነበር። «አይጠፋም» የሚለው ማስታወቂያ ሲበላሽም አይጠፋም ማለት ነው።

የመርሳዋ ልጅ ከዚያ በኋላ አንድ መልእክት ልካልኛለች። ጽሑፍ የለውም፤ ሁለት ፎቶ ብቻ ነው። አንዱ በክንዷ የተነሣችው፣ ሌላው ታናሽ ወንድሟ በአንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ራቅ ብሎ ያነሣት። ሁለተኛው ላይ እጇ አገጯ ላይ የለም። ፊለሩን ትታው እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላት ከፈለገች ራሷ ትወስናለች።